ልጁ ንጹሕ መሆኑ ሳይረጋገጥ መለቀቁ ፍትሕ ነውን?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ሲድኒ ሉሜት በ1957 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀውን «12ቱ ቁጡ ሰዎች» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ሰሞኑን ከባለቤቴ ጋር ተመልክተን ነበር። አባቱን በሴንጢ ወግቶ ገድሏል ተብሎ የተከሰሰው የ18 ዓመት ልጅ በጁሪው (ጥፋተኛነቱን እንዲወስኑ በተሰየሙት 12 ተራ ዜጎች) ውሳኔ ነፃ ሲወጣ ባለቤቴን ደስ አላት፣ እኔን ግን ቅር አለኝ። ልጁ አለመግደሉን ፊልሙ የትም ላይ አላሳየንም። ነፍሰ ገዳይ ተለቅቆ ቢሆንስ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቅር መሰኘትዎ ተገቢ ነው። ልጁ ንጹሕ ስለመሆኑ ፊልሙ ማረጋገጫ አይሰጥም፤ ከ11ዱ ተለይቶ የቆመው ስምንተኛው የጁሪ አባል ራሱ ሲጠየቅ የሚመልሰው «አላውቅም» ብሎ ነው። ሕጉ ለጁሪው የሚያቀርብለት ጥያቄ ግን ዐቃቤ ሕግ ክሱን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ አስረድቷል ወይ የሚል ነው፤ ካላስረዳ ተከሳሹ ይለቀቃል። በአገራችን ጁሪ ባይኖርና ማስረጃውን የሚመዝኑት ዳኞች ቢሆኑም፣ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠር ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ደንግጓል። ስለዚህ ገዳይ የመለቀቁ ዕድል አለ፤ ልጁ ጥፋተኛ ቢባል ይጠብቀው የነበረው ግን የኤሌክትሪክ ወንበር ነበር፣ ያ ስሕተት ደግሞ መታረሚያ የለውም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማስረጃው መጀመሪያ ላይ እንዴት እንደታመነ ነው። እግሩን የሚጎትት ሽማግሌ ከአልጋው ተነሥቶ በ15 ሰከንድ በሩ ጋ ደረስኩ፣ ልጁንም ሲሮጥ አየሁት ብሎ መስክሯል፤ ስምንተኛው ሰው ርቀቱን ለክቶ እግሩን እየጎተተ ሲራመደው 41 ሰከንድ ፈጀበት። ከማዶ ያለችው ሴት ደግሞ ግድያውን ያየሁት በሚያልፍ ባቡር መስኮቶች በኩል ነው ብላለች። በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ የመነጽር ምልክት እንደነበረ በችሎቱ የተቀመጠ ሁሉ ሊያየው ይችል ነበር፤ ምልክቱ መነጽር የምታደርግ መሆኗን ስለሚያሳይ፣ ሌሊት በአልጋዋ ሆና ያለ መነጽር ገዳዩን መለየቷ ያጠራጥራል፤ ሆኖም ልጁ የድኃ ሰፈር ልጅ ስለነበርና ምስክርነቱም ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች አስቀድመው ከሚያምኑት ጋር ስለገጠመ፣ መጀመሪያ ላይ ለመጠየቅ የፈለገ አልነበረም።

ብዙ ተመልካች የሚያስታውሰው አሥረኛውን ሰው ነው፤ «እነዚያ ሰዎች» እያለ ሲጮኽ ሌሎቹ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ተነሥተው ጀርባቸውን ይሰጡታል። እኔ ግን አብዝቼ የምፈራው አራተኛውን ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሰው አይሳደብም፣ ነገር ግን ከድኃ ሰፈር የሚወጡ ልጆች ለኅብረተሰቡ አደጋ ናቸው የሚለውን ሐሳብ እንደ ተረጋገጠ ዕውቀት በእርጋታ ይናገረዋል። እርሱም ቢሆን አቋሙን የለወጠው የገዛ መነጽሩን አውልቆ አፍንጫውን ሲያሸ፣ ከጎልማሶቹ የሚበልጡት አዛውንት የጁሪ አባል አይተው ስለ ሴቲቱ ምልክት ከጠየቁት በኋላ ነው።

ፊልሙን ሲያደንቁ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ስምንተኛው ሰው ተመሳሳይ ሴንጢ ከውጭ ገዝቶ ወደ ጁሪው ክፍል ማስገባቱ በእውነተኛ ችሎት የተከለከለ ነው። የጁሪ አባል በችሎት ከቀረበው ውጭ የራሱን ምርመራ ማካሄድ አይፈቀድለትም፤ ድርጊቱ ቢታወቅ የክርክሩን ሂደት በሙሉ ሊያፈርሰው ይችል ነበር።

አሥረኛው ሰው አሸንፎ ልጁ ተፈርዶበት ቢሆን ኖሮ ደግሞ፣ በክፍሉ የተነገረው በምስጢርነቱ እንዲጸና ሕጉ ስለሚያዝ ያ ንግግር ለይግባኝ ምክንያት መሆኑ እጅግ አጠራጣሪ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በር በጥቂቱ የከፈተው ፊልሙ ከወጣ ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በኮሎራዶ የአንድ ጁሪ አባል ተከሳሹ ሜክሲኳዊ በመሆኑ ጥፋተኛ ነው ብሎ መከራከሩ ሲጋለጥ፣ እንዲህ ያለው በዘር ላይ የተመሠረተ ንግግር ሊመረመር እንደሚገባ ወሰነ። ስለ ድኃ ሰፈር ልጆች የሚነገረው ግን በዚያ ውሳኔ አልተካተተም።