ሂዩማን ዲቨሎፕመንት ለመማር ለምታስቡ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ካሉ የሐበሻ ቤቶች አንድ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣልኛል። «ሂዩማን ዲቨሎፕመንት መማር እፈልጋለሁ። ቤተሰብ ደግሞ ከነርሲንግ ሌላ መስማት አይፈልግም። ምን ላድርግ?» ዕድሜዬን የፈጀሁት በሶሻል ወርክ ስለሆነ የሚመስለኝን ልንገራችሁ።

ትምህርቱ ጥሩ ነው። ሕፃን እንዴት እንደሚያድግ፣ ቤት ሲናጋ ልጅ ምን እንደሚሆን፣ ሰው ሲያረጅ ምን እንደሚጎድለው ያስተምራል። አማርኛ የሚችል ባለሙያ ደግሞ በጣም ያስፈልገናል። ልጇ ኦቲዝም እንዳለበት የተነገራትን እናት አስቡ። ትምህርት ቤት ለስብሰባ ትጠራለች። የሚሰጣት ወረቀት ብዙ ገጽ ነው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። አንገቷን እየነቀነቀች ትፈርማለች። ምን እንደፈረመች የሚገባት ማታ ዘመድ ሲያነብላት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ እንደናንተ ያለ ሰው ቢኖር ብዙ ነገር ይለወጣል።

ስለዚህ «ተዉት» አልላችሁም። ዋጋውን ሳታውቁ ግን አትግቡበት።

ወላጆቻችሁ ነርሲንግ የሚሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የ2023 መረጃ፣ የነርስ መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 86 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የቅድመ መደበኛ አስተማሪ 37 ሺህ፣ በማኅበራዊ አገልግሎት ረዳትነት የሚሠራ 41 ሺህ ገደማ። ሂዩማን ዲቨሎፕመንት በባችለር የጨረሰ ልጅ ቶሎ የሚያገኘው ከኋለኞቹ ከሁለቱ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ነው። የትምህርት ቤት ካውንስለር 62 ሺህ ገደማ ያገኛል፤ ግን በአብዛኛው ስቴት ማስተርስ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የማያውቁት ነገር አለ። ሐሳባችሁ በመጨረሻ ሶሻል ወርከር መሆን ከሆነ ባችለሩንም በሶሻል ወርክ ያዙት። እውቅና ካለው ፕሮግራም በሶሻል ወርክ የተመረቀን ልጅ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርሱን በአንድ ዓመት ገደማ ያስጨርሱታል። የሂዩማን ዲቨሎፕመንት ምሩቅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይማራል። የአንድ ዓመት ክፍያ ይጨምራል፣ የአንድ ዓመት ደመወዝም ይቀራል።

ወደ ዕዳው ልምጣ። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ወሰን አለው። በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በየዓመቱ 7,500 ዶላር። በአራት ዓመት 27 ሺህ ይሆናል። በ2025–26ቱ የ6.39 በመቶ ወለድ፣ በአሥር ዓመት ለመክፈል፣ በወር 305 ዶላር ገደማ ነው። 41 ሺህ ለሚያገኝ ልጅ ይከብዳል፤ ግን ይቻላል፣ በተለይ ቤተሰብ ጋ ለሚኖር። እኔ መስመሩን የማሰምረው እዚህ ነው። ጠቅላላ ዕዳችሁ ከመጀመሪያ ዓመት ደመወዛችሁ አይብለጥ። ማስተርስ ካሰባችሁ የሁለቱንም ዕዳ ደምራችሁ ከማስተርስ በኋላ ከሚገኘው ደመወዝ ጋር አስተያዩት። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር «ኮሌጅ ስኮርካርድ» የሚባል ድረ ገጽ አለው፤ የትምህርት ቤቱንና የትምህርት ዘርፉን ስም ስታስገቡ የተመራቂዎቹን መካከለኛ ዕዳና ገቢ ያሳያችኋል።

አደጋው ከዚህ በላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣውን የፋይናንሺያል ኤይድ ደብዳቤ መስመር በመስመር አንብቡት። ከላይ ግራንት ይላል፣ ቀጥሎ ስኮላርሺፕ፤ እነዚህ አይመለሱም። ከዚያ ሎን ይላል፤ ይሄ የሚመለስ ብድር ነው። ከታች «ፓረንት ፕላስ» ብሎ ትልቅ ቁጥር ያስቀምጣል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁሉንም ደምሮ «የተሰጣችሁ እርዳታ» ይለዋል። ይሄ እርዳታ አይደለም። አባታችሁ ወይም እናታችሁ የሚፈርሙበት ብድር ነው። የ2025–26 ወለዱ 8.94 በመቶ ነው፤ ገንዘቡ ገና ሳይደርስ ከ4 በመቶ በላይ ይቆረጥበታል። ሕጉ የሚያውቀው ባለዕዳ ፈራሚውን እንጂ እናንተን አይደለም። ሌሊቱን ታክሲ እየነዱ ያሳደጓችሁ ሰው ጡረታ በሚወጡበት ዕድሜ ይህን ዕዳ ሲገፉ ማየት ያንገበግበኛል። አዲሱ ሕግ ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ፓረንት ፕላስን ለአንድ ልጅ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው 65 ሺህ ዶላር ላይ ገድቦታል። ለዚህ ሙያ 65 ሺህም በጣም ብዙ ነው።

ያው ዲግሪ በርካሽም ይገኛል። በቨርጂኒያው ኖቫ ወይም በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መዛወር ምንም አያሳፍርም፤ ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው የጨረሳችሁበት ትምህርት ቤት ስም ነው። ሙሉ ፔል ግራንት፣ ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ልጅ የፌዴራል መንግሥት የሚሰጠውን የማይመለስ እርዳታ፣ የሚያገኝ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ክፍያ በዚያው ይሸፍናል። የትኛው ኮርስ እንደሚዛወር ግን ገና ከመመዝገባችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት የሚሠራ ሰው 120 ወርሃዊ ክፍያ ከከፈለ በኋላ ቀሪው የፌዴራል ብድር ሊሰረዝለት ይችላል። ጥሩ ዕድል ነው፤ እሱን ተማምናችሁ ግን ብድር አታብዙ። ደንቡ በየጊዜው ይቀያየራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው፣ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን የቤተሰብ ገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ሥራ ካጣ ወይም ከታመመ፣ ማስረጃ አያይዛችሁ ለፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮው ጻፉ፤ ጉዳያችሁን እንደገና የማየት ሥልጣን አላቸው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውሳኔያችሁን የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ስለሆነ ደብዳቤው ከዚያ ቀደም ብሎ ይድረሳቸው።