ፖይንተር ያለበት ስትራክት ወደ ፋይል ሲጻፍ

ጠያቂያችን የጻፉት የሲ ፕሮግራም የተማሪዎችን ስምና ውጤት ከጽሑፍ ፋይል በየመስመሩ እያነበበ ሜሞሪ በሚጠይቀው ፈንክሽን በማሎክ በተገኘ ቦታ ላይ ያከማቻል፤ የአንድን ተማሪ መረጃ በአንድነት የሚይዘው ስትራክት ስሙን የሚያመለክተው በፖይንተር፣ ማለትም በሜሞሪ አድራሻ ነው። ከዚያም ስትራክቶቹን በኤፍራይት ወደ ሌላ ፋይል ያስቀምጣል። ያጋጠማቸው ችግር ሦስት ነው፦ መዝገቡ ላይ ከተማሪዎቹ ቁጥር አንድ ይበልጣል፣ ስሞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፣ የተቀመጠው ፋይል በሌላ ጊዜ ሲከፈት ደግሞ ፕሮግራሙ ይቋረጣል። «ፋይልን ነው ወይስ ሜሞሪን አስቀድሜ ልማር?» ብለውም ጠይቀዋል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ይማሩ እላለሁ። በዚህ ቋንቋ ስሠራም ሆነ ጀማሪዎችን ሳግዝ ደጋግሜ እንዳየሁት፣ የፋይል ችግር ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛው ነገር አድራሻን ከይዘት ካለመለየት የሚመጣ ነው። ከሦስቱ ችግሮችዎ ሁለቱም የዚሁ ውጤት ናቸው።

የመጀመሪያው ግን የተለየና ቀላል ነው። ሉፕዎ የሚቆምበት ኤፍኢኦኤፍ (የፋይሉ መጨረሻ መድረሱን የሚናገረው ፈንክሽን) እውነት የሚመልሰው የፋይሉን መጨረሻ አልፎ ለማንበብ ከተሞከረ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው መስመር ከተነበበ በኋላም ሉፑ አንድ ዙር ይጨምራል፤ መስመር የሚያነበው ኤፍጌትስ የሚያነበው ሲያጣ ባፈሩን (የተነበበው መስመር የሚያርፍበትን ቦታ) ስለማይነካው የቀድሞው መስመር እንደገና ይመዘገባል። የሉፑ ሁኔታ የኤፍጌትስ ምላሽ ራሱ ይሁን፤ ነል (ባዶ አድራሻ) ሲመልስ ይቁም።

ስሞቹ አንድ ዓይነት የሆኑት ኤፍጌትስ እያንዳንዱን መስመር በዚያው ባፈር ላይ ስለሚጽፍና እርስዎ በየስትራክቱ ያስቀመጡት የባፈሩን አድራሻ ብቻ ስለሆነ ነው። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ፤ እዚያ ያለው ደግሞ በመጨረሻ የተነበበው ነው። ለእያንዳንዱ ስም በርዝመቱ ላይ 1 ባይት ጨምረው በማሎክ ቦታ ይጠይቁና ጽሑፉን ይቅዱበት፤ ያቺ ተጨማሪ ባይት ለማብቂያው ዜሮ ናት። ስሞቹ በግዕዝ ፊደል ከሆኑ ርዝመቱን በፊደል ብዛት አይገምቱ፤ በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የ20 ባይት ባፈር የሚይዘው 6 ሙሉ ፊደላትን ብቻ ሲሆን፣ ሰባተኛው ፊደል መካከሉ ላይ ይቆረጣል።

ሦስተኛው ላይ ረዘም ላድርገው፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ኤፍራይት የተሰጠውን ሜሞሪ ባይት በባይት እንዳለ ይጽፋል እንጂ ፖይንተሩ ወደሚያመለክተው ቦታ ሄዶ ስሙን አያመጣም። በ64 ቢት ማሽን ላይ ወደ ፋይልዎ የገባው የስሙ አድራሻ፣ ማለትም 8 ባይት ቁጥር ነው። አድራሻው ትርጉም የሚኖረው ፕሮግራሙ በዚያው ሩጫ ላይ እስካለና ሜሞሪው እስካልተለቀቀ ድረስ ብቻ ነው። ጀማሪውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፦ ጽፎ ወዲያውኑ በዚያው ሩጫ ሲያነበው ስሙ በትክክል ይታየዋል፤ ፋይሉ ስሙን የያዘ ይመስለዋል። ፕሮግራሙ ተዘግቶ እንደገና ሲነሣ ግን ያ አድራሻ የማንም አይደለም፣ ሊነበብ ሲሞከርም ሥርዓቱ ፕሮግራሙን ያቋርጠዋል።

መፍትሔው አስቀድሞ የስሙን ርዝመት፣ ቀጥሎ ፊደላቱን፣ ከዚያ ውጤቱን መጻፍ ነው፤ ሲያነቡም ርዝመቱን ተቀብለው፣ ተገቢ መጠን መሆኑን አይተው፣ አዲስ ሜሞሪ ጠይቀው፣ ፊደላቱን ሞልተው መጨረሻ ላይ ዜሮ ያኖራሉ። ሆኖም በዚህ ደረጃ ላይ ላለ ተማሪ እኔ የምመርጠው በኤፍፕሪንትኤፍ የሚጻፍ የጽሑፍ ፋይልን ነው፤ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ምን እንደተጻፈ በዓይን ማየት ይቻላልና።

ስትራክቶቹን በተርታ የያዘውን አሬይ ሲያሳድጉ የሪአሎክን (የተጠየቀውን ሜሞሪ መጠን የሚለውጠውን ፈንክሽን) ምላሽ በቀጥታ በነባሩ ፖይንተር ላይ አያስቀምጡ። ሪአሎክ ቦታ ሲያጣ ነል ይመልሳል፣ ነባሩ ሜሞሪ ግን እንዳለ ይቆያል፤ አድራሻውን በነል ከተኩት የመዘገቡትን ሁሉ የሚያገኙበት መንገድ ይጠፋል። በጊዜያዊ ፖይንተር ተቀብለው ነል አለመሆኑን ካዩ በኋላ ይተኩት። ሲሳካም አሬዩ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ስለሚችል፣ ቀድሞ ወደ ውስጡ ያመለከቱ ፖይንተሮችን እንደገና አይጠቀሙባቸው።

ፋይልን በ«ደብሊው» (የመጻፊያ) ሞድ መክፈት ነባሩን ይዘት ወዲያውኑ ባዶ እንደሚያደርገውም ይወቁ፤ በመጻፍ መካከል ፕሮግራሙ ቢቋረጥ አሮጌውም አዲሱም አይኖርዎትም። ወደ ጊዜያዊ ፋይል ጽፈው፣ ፋይሉን የሚዘጋውን የኤፍክሎዝን ምላሽ አረጋግጠው፣ ከዚያ ስሙን መለወጥ ይሻላል። የኤፍክሎዝ ምላሽ የሚያስፈልገው የጻፉት ነገር እስከዚያ ድረስ በባፈር ውስጥ ሊቆይ ስለሚችልና ዲስክ ከሞላ ስሕተቱ የሚታወቀው በዚያ ጊዜ ሊሆን ስለሚችል ነው።

በመጨረሻ አስቀድመው እያንዳንዱን ስም፣ ቀጥሎ አሬዩን በፍሪ ይልቀቁ፤ አሬዩ ከቀደመ የስሞቹ አድራሻ አብሮ ይሄዳል። በጂሲሲ ወይም በክላንግ ኮምፓይለር አድሬስ ሳኒታይዘርን (የሜሞሪ ስሕተትን የሚጠቁመውን መሣሪያ) ከ-g አማራጭ ጋር አብርተው ኮዱን ኮምፓይል ያድርጉ። አሁንም ከተቋረጠ የሚያወጣውን የስሕተት ጽሑፍ ሳይቆርጡ ይላኩልን፤ ሜሞሪው የት እንደተጠየቀና የት እንደተለቀቀ ከነመስመር ቁጥሩ ስለሚያሳይ ከዚያ ላይ አብረን እንቀጥላለን።