ወተቱ ሳንባ ውስጥ አይገባም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ስለኔ የተጻፈ መሰለኝ። ወንድምሽ 27 ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም መቀባት ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ማታ ማታ ያስለዋል። ክሊኒኩ «ብሮንካይት ነው» እያለ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ አዞለታል። የጋራዡ ባለቤት በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይገዛለታል። «ኬሚካሉ ውሎ አድሮ ይጎዳዋል ወይስ ወተቱ ያጥብለታል?» ነው ያልሽው።

ሐኪም አይደለሁም። ከ1989 እስከ 2010 ዓ.ም. 21 ዓመት ቀለም ቀቢ ነበርኩ። የምነግርሽ በራሴ ሳንባ ያየሁትንና ሐኪሞች ያስረዱኝን ነው።

ከወተቱ ልጀምር። እኛም ጋ ይሰጥ ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ጋሼ (ባለቤቱን እንዲያ ነበር የምንለው) ልጅ ልኮ ያስገዛል። «ጠጡ፣ መርዙን ያጥባል» ይለናል። ከልቡ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እኛም አመንነው። ማስክ ስንጠይቅ «ወተቱስ?» ይባላል። ሁዳዴ ሲገባ ግን 55 ቀን ወተት የለም፣ ብሩን በእጃችን ይሰጠናል። አንድ ቀን አንዱ ባትላሜራ (የተጎዳ የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃና) «ጋሼ፣ መርዙም ይጾማል እንዴ?» አለው። ሁላችንም ሳቅን፣ ጋሼም ሳቀ። ማስኩ ግን አልመጣም።

ወተት ወደ ጨጓራ ይወርዳል። ከመርጫው የሚወጣው ጉም ወደ ሳንባ ይገባል። የት ይገናኛሉ? ወተት ምግብ ነው፣ ይጠጣ። ካልሲየም የጎደለው ሰው በአፉ የገባ እርሳስ ይበልጥ ወደ ደሙ ስለሚዘልቅ፣ ጥሩ መብላት ጥቅም አለው። ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠበቅበት። ልማዱ የኛ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ በሶቪየት ኅብረትም ጎጂ ሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ በቀን ግማሽ ሊትር ወተት መስጠት ደንብ ነበር።

አሁን ወደ ሳሉ። እኔ ሥራውን ስጀምር ቀለሙ ከቲነር ጋር ተቀላቅሎ የሚረጭ፣ በራሱ የሚደርቅ ነበር። በኋላ ባለ ሁለት ጣሳው መጣ። አንዱ ቀለሙ ወይም ክሊሩ (ከላይ የሚቀባው የሚያብረቀርቅ ልባስ) ነው፣ ሌላው ሃርድነሩ፣ ማለትም ማጠንከሪያው። ሲያብረቀርቅ ደስ ይላል፣ ደንበኛም ይወደዋል። ችግሩ ያለው ትንሿ ጣሳ ውስጥ ነው። ሃርድነሩ አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። አይሶሳይኔት በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም በዓለም ላይ ከታወቁት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ለወራት፣ ለዓመታትም ምንም ሳይልሽ ይቆያል። አንድ ቀን ሰውነትሽ ይቆጣዋል። ከተቆጣ በኋላ ድሮ የማይነካሽ ትንሽ መጠን እንኳ ደረትሽን ይዘጋዋል።

ሰውን የሚያታልለው ደግሞ ሰዓቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያፍንሽ ስትረጪ አይደለም። ከሰዓታት በኋላ፣ ማታ ቤትሽ ነው። እኔ ስረጭ ውዬ ደህና እገባለሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደረቴ ሲር ሲር እያለ ተቀምጬ አድራለሁ። ታዲያ ማን ሥራውን ይጠረጥራል? እናቴ «ብርድ መትቶሃል» አለች። ክሊኒኩ እንደ ወንድምሽ ብሮንካይት አለኝ። በመጨረሻ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ድኜ መጣሁ። በእውነት ድኜ ነበር፣ ደረጃ ስወጣ እንኳ አያለከልከኝም። ሥራ በገባሁ በአራተኛው ቀን ተመለሰብኝ። ጠበሉን እያማሁ አይደለም። ግን እነዚያን ሁለት ሳምንታት ከሃርድነሩ ርቄ እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

የገባኝም አንድ የሳንባ ሐኪም «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። ከዚያ በፊት አምስት ሐኪም አይቶኛል፤ አንዱም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም፣ ምን አውቄ! ፒክ ፍሎው የምትባል፣ ሲነፉባት የትንፋሽን ፍጥነት የምትለካ ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ ሰጠኝ። በቀን አራት ጊዜ ነፍቼ ቁጥሩን ደብተር ላይ እንድጽፍ አዘዘኝ። ሁለት ሳምንት ሥራ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ። ቁጥሩ ሥራ ላይ እየወረደ፣ ቤት ስቀመጥ እየወጣ መጣ። ክርክር የለውም። ወንድምሽን ዛሬ ማስጀመር የምትችዪው ይህን ነው። መሣሪያው ቢጠፋ እንኳ ደብተር ይያዝ፤ ምን ቀን ረጨ፣ ምን ሌሊት ሳለ፣ እሁድና በዓል እንዴት ዋለ። ሐኪሙ ጋ ሲገባ «ያስለኛል» ብቻ አይበል። «ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ሃርድነር እረጫለሁ፣ እረፍት ስወጣ ይሻለኛል» ይበል። ስፓይሮሜትሪ የሚባለውን የሳንባ ምርመራ ይጠይቅ። ኤክስሬይ ንጹሕ ሆኖ አስም ሊኖር ይችላል፣ በኤክስሬዩ አይዘናጋ።

«ለወደፊት ይቀራል ወይ?» ላልሽው መልሱ እንደ ዕቃው ይለያያል። ቲነር ከሰውነት በቀናት ውስጥ ይወጣል። ማታ የሚያመው ራስ ምታትና ያ ስካር የመሰለው ሞቅታ የዚህ ነው። ግን ለዓመታት ሲደጋገም አንጎል ላይ ይሠራል። ዴንማርክና ስዊድን ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቀለም ቀቢዎች ላይ ብዙ የተጠና ነገር ነው፤ መርሳት፣ ትኩረት ማጣት፣ ቶሎ መቆጣት። ባለቤቴ «አንተ ሰው ቀለሙ ጠባይህንም ቀባው» ትለኝ ነበር። ቀልዷ ቀልድ አልነበረም። እርሳስ ደግሞ ሌላ ነው። ድሮ ቢጫና ብርቱካናማ የመኪናና የማሽን ቀለም ብዙ ጊዜ የእርሳስና የክሮም ውሕድ ነበረበት። አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ስትፍቂው ብናኙ ይገባል። ደም ውስጥ የገባው በወራት ይቀንሳል፤ አጥንት ውስጥ የተቀመጠው ግን አሥርተ ዓመታት ይቆያል። በሥራ ልብስ ተጣብቆ ቤት ሲገባ ልጆችን ይጎዳል። ቱታው ጋራዥ ይደር፣ ለብቻው ይታጠብ።

ካንሰሩንም ልደብቅሽ አልችልም። መቀመጫው ሊዮን፣ ፈረንሳይ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም የቀለም ቀቢነትን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ካንሰር አምጪ በሚለው የመጀመሪያ ምድብ አስገብቶታል። የሳንባና የሽንት ፊኛ ካንሰር ነው በተለይ የሚነሳው። ይህ ማለት የቀባ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። የሚያጨስ ከሆነ ግን ዛሬ ያቁም፣ ሁለቱ አብረው አይቻሉም። እጁን በቤንዚን መታጠብም ይተው። ሁላችንም እናደርገው ነበር፣ ቀለሙን ሙልጭ አድርጎ ስለሚያነሳ። ነዳጁ ውስጥ ያለው ቤንዚን (benzene) የሚባለው ኬሚካል (ስሙ ከነዳጁ ጋር ስለሚመሳሰል ያደናግራል) መቅኒን ይጎዳል፣ የደም ካንሰርም ያመጣል። የምግብ ዘይት ቀብቶ በሳሙና ቢያሸው ቀለሙ ይለቃል። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይለቃል።

ፍሬን የሚሠሩ ጓደኞች ካሉትም ይንገራቸው። አሮጌ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ (ሙቀት የሚችል ቃጫ መሳይ ማዕድን) ሊኖርበት ይችላል። በኮምፕሬሰር እየነፉ ማጽዳት የለባቸውም። አስቤስቶስ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ ጉዳቱም የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። ሰውየው ጡረታ ከወጣ በኋላ ማለት ነው።

ስለ ማስክ። የኮቪዱ ማስክ ለዚህ ሥራ ምንም አይጠቅምም። ባለ ሁለት ፊልተሩ ከምንም ይሻላል፣ ግን ፂም ካለው አይገጥምም። ፊልተሩ ሜዳ ላይ ተሰቅሎ ካደረም አየሩን እየሳበ ያልቃል፤ በሚዘጋ ላስቲክ ይቀመጥ። ብዙዎች «ሽታ ካልመጣብኝ ይሠራል» ይላሉ። ለቲነር ትንሽ ያስኬዳል። አይሶሳይኔት ግን ከመሽተቱ በፊት ይጎዳል፣ አፍንጫ አያድንም። ሕጉ በሚጠበቅባቸው አገሮች ቀቢው የሚረጨው አየር በሚስብ ዝግ ክፍል ውስጥ ነው፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ቆብ ያደርጋል። እኛ በር ከፍተን፣ ጎን ለጎን ምሳ እየተበላ ነበር የምንረጨው።

ይልቀቅ ወይ? የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ምርመራው የሃርድነር አስም ነው ካለ፣ ማስክ ቀይሮ መቀጠል አያዋጣም። ወደ ላሜራ ሥራ መዛወርም እዚያው ግቢ ከሆነ አይበቃም፤ ጎረቤት ሲረጭ ይደርሰዋል። በጊዜ የራቀ ሰው የመዳን ዕድሉ ይበልጣል። እኔ ካወቅኩ በኋላ እንኳ ሁለት ዓመት ቀጠልኩ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። አሁን ሶማሌ ተራ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ገቢው ከቀድሞው ያንሳል፣ አልዋሽሽም። የሚነፋው መድኃኒት አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ጎረቤት በር ሲቀባ ዘመድ ቤት ሄጄ አድራለሁ። ወንድምሽ ሥራው ላይ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፣ እኔ ከደረስኩበት ገና አልደረሰም።

ስለ መብቱ በአጭሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብና ስለ አደጋው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታም እንደ ሥራ አደጋ ይታያል። አሠሪው አደጋውን እያወቀ ካላስተካከለ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል። ችግሩ ማስረጃው ነው። ብዙዎቻችን የጽሑፍ ውል አልነበረንም፣ ጡረታም አልተቆረጠልንም። ስለዚህ ሳይለቅ በፊት በዚያ ሥራ ላይ ስንት ዓመት እንደሠራ የሚገልጽ ወረቀት ይያዝ። ሐኪሙም ካርዱ ላይ «ቀለም ቀቢ» ብሎ እንዲጽፍ ይጠይቀው። የኔ ካርድ ላይ ለዓመታት የተጻፈው «የግል ሥራ» ነበር፣ በኋላ ስፈልገው ምንም አልጠቀመኝም።

ለጊዜው የሃርድነሩን ጣሳ ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽና እዚህ ለጥፊው። ጽሑፉ በቲነር ካልተፋቀ አብረን እናነበዋለን።