የወላጆቼ ገቢ ወረቀት የለውም፤ ቅጹ ላይ ምን ልጻፍ?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። አባቴ ደምቢያ ላይ ያርሳል፤ እናቴ ጠላ ትሸጣለች። አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች ሳመለክት የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ ሙላ ተባልኩ። ደመወዝ የለ፣ ደረሰኝ የለ። ዜሮ ብዬ ልለፈው?

መልስ፦ ዜሮ እንዳትጽፍ። ገቢውን ዜሮ ብለህ ከታች የቤት ወጪ 60,000 ብር ብትሞላ፣ ቅጹን የሚያየው ሰው «ታዲያ ምን በልታችሁ ከረማችሁ?» ማለቱ አይቀርም። ማብራሪያ እስክትልክ ድረስ ማመልከቻህ ባለበት ይቆማል።

ወረቀት የሌለው ገቢ ተሰልቶ ይጻፋል። የእናትህን በሳምንት ጀምረው፤ ከሽያጩ ላይ የገብሱን፣ የብቅሉን፣ የጌሾውንና የማገዶውን ቀንስ። በሳምንት 900 ብር ቢተርፋትና በዓመት 46 ሳምንት ብትጠምቅ 41,400 ብር ይሆናል። ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ስሌቱን ጭምር በማብራሪያው ቦታ ላይ አስፍር፤ ከየት እንደመጣ የሚታይ ቁጥር ይታመናል። ከአባትህ ምርት ደግሞ የተሸጠውንና ቤት የተበላውን ለያቸው። በገቢነት የሚገባው ከሽያጩ ላይ የዘርና የማዳበሪያ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነው፤ ለቀለብ የዋለውን በኩንታል በማብራሪያው ጥቀስ።

ቀጥሎ የቀበሌ ደብዳቤ ነው። «ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው መሆኑን እንገልጻለን» የሚለው የተለመደው ደብዳቤ እምብዛም አይረዳህም። የብሩ መጠን፣ የየትኛው ጊዜ ገቢ እንደሆነ፣ የቤተሰቡ ብዛትና የማሳው ስፋት ይጻፍበት፤ ቁጥሩም አንተ ከሞላኸው ጋር ይግጠም። ቀንና ማኅተም መኖሩን አይተህ ውጣ፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ከዋናው ጋር አያይዝ።

ማሳው ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። ቅጹ የንብረትን የገበያ ዋጋ ሲጠይቅ የአባቱን መሬት በሚሊዮን ገምቶ የሚጽፍ አለ። በአገራችን ሕግ መሬት አይሸጥም፤ አባትህ ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ይህንኑ በሁለት መስመር አስረዳ። ቤቱ ግን የራሳችሁ ከሆነ ንብረት ነውና ይጻፋል። እናትህ ዕቁብ ከገባችም እስካሁን የጣለችው፣ ዕጣው ካልደረሳት፣ ቁጠባ ነው።

ሌላው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በፈረንጆቹ 2026 መስከረም ገደማ ትምህርት ለሚጀምር ሰው የሚጠየቀው የ2024 ገቢ ነው፤ በእኛ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያለውን የበጀት ዓመት እንዳለ አትገልብጥ። ያ ዓመት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ ያው ብር በዓመቱ መጀመሪያ ተመን ሲመነዘር በመጨረሻው ከሚመነዘረው እጥፍ ያህል ዶላር ይሆናል። ስለዚህ ራስህ አትመንዝር። ብዙ ኮሌጆች ለድጋፍ በሚጠይቁት፣ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል በሚባለው ቅጽ መጀመሪያ ላይ የገንዘቡን ዓይነት «ብር» ብለህ ምረጥና በብር ሙላ። ዶላር ተመርጦ 41,400 ከተጻፈ ቤተሰብህ የድሃ ቤተሰብ መሆኑ ቀረ።

ይህ ቅጽ ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ያስከፍላል። ከመክፈልህ በፊት ለኮሌጁ የድጋፍ ቢሮ ኢሜይል ጻፍ፤ የነፃ ማስገቢያ ኮድ የሚሰጡ፣ ወይም በሌላ ነፃ ቅጽ የሚቀበሉ አሉ።

ኮሌጅ ስትመርጥም አስብበት። ድጋፍ መጠየቁ የውጭ አገር ተማሪን የመግባት ዕድል የማይነካባቸው ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውዶይን ከእነሱ መካከል ናቸው። በአብዛኞቹ ሌሎች ዘንድ የጠየቅኸው መጠን ከውሳኔው ጋር አብሮ ይመዘናል። በዚያ ላይ በኋላ ልጠይቅ ማለት አያዋጣም፤ ሲያመለክት ድጋፍ ያልጠየቀን የውጭ ተማሪ ከገባ በኋላ የማያስተናግዱ ብዙ ናቸው። የድጋፍ ቅጹ ማስገቢያ ቀን ከማመልከቻው ቀን ሊለይ ስለሚችል ሁለቱንም ጽፈህ ያዝ። ሙሉ ድጋፍ ብታገኝ እንኳ 350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) ክፍያና የቪዛ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ካንተ ይጠበቃል፤ ለቃለ መጠይቁም አዲስ አበባ ትወርዳለህ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዲቪ ደርሷት ቪዛዋ ተመቷል፤ ዕድሜዋ 19 ነው። እኔ የምቀረው እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ነው። ፋፍሳ የሚሉትን የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ድጋፍ ቅጽ ከአሁኑ ልሙላላት? ኢንተርኔት ቤት ያለ ልጅ በክፍያ እሞላለሁ ብሎኛል።

መልስ፦ አይክፈሉ እናቴ፤ ፋፍሳ በነፃ የሚሞላ ነው። ደግሞም ከአሁኑ አይሞላም። ልጅዎ አሜሪካ ገብታ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯን (መንግሥት የሚሰጣትን መለያ ቁጥር) ስታገኝ ነው የምትጀምረው፤ በነዋሪነቷ ድጋፉ ይፈቀድላታል። ስሟን ልክ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ትጻፍ።

ዕድሜዋ ከ24 በታች ስለሆነና ካላገባች፣ እርስዎ ጎንደር ቢሆኑም የወላጅ መረጃ ይጠየቃል። ልጅዎ በኢሜይል ትጋብዝዎታለች፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖርዎትም የራስዎን አካውንት ከፍተው ፈቃድዎን በፊርማ ይሰጣሉ። ይህ ፈቃድ ከቀረ ከፌዴራሉ መንግሥት ምንም አታገኝም። እዚህ ያለው ገቢዎ የሚጻፈው በዶላር ነው፤ ቅጹ በሚሞላበት ቀን ባለው ምንዛሪ (ከላይ ለተማሪው ካልነው ይለያል፤ ቅጾቹ ሁለት ናቸውና)። የእርስዎ የአባት ስም ከእርሷ የአባት ስም ጋር አለመመሳሰሉ ለአሜሪካኖቹ እንግዳ ነው፤ ማረጋገጫ ቢጠይቁ የልደት ምስክር ወረቀቷ ከነትርጉሙ በእጇ ይኑር።

ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራሉ መንግሥት ድጋፍ ከፍተኛ መጠኑ 7,395 ዶላር ነበር፤ ይህ ድጋፍ አይመለስም። ከእሱ ጎን «ሎን» ተብሎ የሚቀርብላት ብድር ነው፤ ሳትፈልግ እሺ እንዳትል። አንድ ነገር ይንገሯት፦ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለነዋሪ የሚደረገው ዝቅተኛ የትምህርት ክፍያ የሚፈቀደው 12 ወር ከኖሩ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ዓመት ላይ ዋጋውን ሳትጠይቅ አትመዝገብ።

ጥያቄ፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው የተመደብኩት። ነን ካፌ ብሆን (ግቢው ካፌ ባልበላ) የወጪ መጋራት ዕዳዬ ይቀንሳል?

መልስ፦ የምግቡን ገንዘብ በእጅሽ ከተቀበልሽ አይቀንስም፤ ካፌ እንደበላሽ ሁሉ ይቆጠርብሻል። በየዓመቱ የምትፈርሚውን ውል ኮፒ አስቀምጪ፤ ኦሪጅናል ዲግሪሽን ልታወጪ ስትሄጂ ዕዳው የሚሰላው በእሱ ነው።