ቪትዝን በአጭር ሞላ ዝቅ ማድረግ፦ ግቢ ውስጥ ይቻላል፣ መጭመቂያው ላይ ግን ቀልድ የለም

ወንድም፣ ጥያቄህ ሁለት ነው። ለ2007 ቪትዝህ የገዛኸውን 3 ሳንቲ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው ግቢህ ውስጥ ራስህ መግጠም ትችላለህ ወይ? ካልሆነስ ያለውን ሞላ በግራይንደር አንድ ዙር ማስቆረጥ ይሻላል ወይ? የመጀመሪያው ይቻላል። ሁለተኛውን እርሳው። የተቆረጠ ሞላ ጫፉ መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም፤ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ይላላና ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በካርቦራይት አሙቆ ማስተኛትማ የባሰ ነው፤ ብረቱ ጥንካሬውን ስለሚያጣ መውረዱን አያቆምም፣ ግራና ቀኙም እኩል አይወርድም።

(እዚህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስፔሰር አስገብቶ ከፍ ስለማድረግ ነው፤ አንተ በተቃራኒው መጣህ። ይሁን፣ የድሬ ከዚራ ሰፈር አስፋልት ላይ ያምራል። ግን አምስት ሰው ጭነህ ስፒድ ብሬከር የምታልፍ ከሆነ ከ3 ሳንቲ የበለጠ ዝቅ እንዳታደርገው።)

መጀመሪያ ሾኮቹን እይ። ዘይት ያላበው ሾክ ካለ አጭር ሞላ አትግጠምበት። አጭር ሞላ ጠንከር ያለ ነው፤ የደከመ ሾክ አይዘውም፣ መኪናው ይዘላል። ቀጥሎ አራቱንም ጎማ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለክተህ ጻፍ፤ በኋላ ትፈልገዋለህ።

ግቢህ አሸዋ ከሆነ ክሪኩ ይሰምጣል። ሲሚንቶ ላይ ሥራ፣ ካልተገኘ ወፍራም ጣውላ ከሥር አንጥፍ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግባ፤ ሁለት ስታንድ ያስፈልግሃል፣ የማታነሳቸውን ጎማዎችም በድንጋይ አስደግፍ። ፀሐይ ሳይጋል በጠዋት ጀምር፣ እኩለ ቀን ላይ የድሬ ብረት እጅ አያስይዝም። ከ14፣ 17 እና 19 ቁልፍ ሌላ አለን ቁልፍ፣ ሽቦ፣ የዛገ ቡሎን መፍቻ ስፕሬይና ጥንድ የሞላ መጭመቂያ አዘጋጅ። ስፕሬዩን ከዋዜማው ማታ ንፋበት።

ከፊት ጀምር። የዚህ ሞዴል የሾክ ራስ ከፊት መስታወቱ ሥር ካለው ፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ የዝናብ መጥረጊያዎቹንና ፕላስቲኩን ሳታወጣ አትደርስበትም። ከታች የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ከሾኩ ላይ አላቅቅ፣ የስታቢላይዘሩን ሊንክ ፍታ። ሾኩን ጎማ ከሚሸከመው ብረት ጋር የሚያያዙትን ሁለት ቡሎኖች ከመፍታትህ በፊት አቀማመጣቸውን በቀለም ምልክት አድርግ፤ ቀዳዳው ትንሽ ክፍተት ስላለው የጎማው ዝንባሌ የሚቀየረው እዚያ ነው። ከተፈታ በኋላ ያ ብረት እንዲሁ እንዳይንጠለጠል በሽቦ እሰረው፤ አለዚያ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፣ ሰሚያሱም (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ከውስጥ ጆይንቱ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ሰው የሚጎዳበት ቦታ ደረስን። ሞላው ሳይጨመቅ በሾኩ ዘንግ አናት ያለውን የመሃሉን ዳዶ ከፈታኸው ራሱ እንደ ጥይት ነው የሚተኮሰው። ሁለቱን መጭመቂያዎች ፊት ለፊት አድርገህ በተቻለ መጠን ብዙ ዙር እንዲይዙ ግጠማቸው። አንዱን ሁለት ዙር፣ ሌላውን ሁለት ዙር እያልክ እያፈራረቅህ አጥብቅ፤ አንዱ ከቀደመ ሞላው ይጣመምና መንጠቆው ይንሸራተታል። በመምቻ ማሽን አትጠቀም፣ በእጅ ነው። ፊትህንም ከዘንጉ ትይዩ አታድርግ። በቂ መጨመቁን የምታውቀው የላይኛውን መቀመጫ በእጅህ ስታንቀሳቅሰው ላላ ሲልህ ነው፤ ያኔ ብቻ ዳዶውን ፍታ። ሲፈታ ዘንጉ አብሮ ከዞረ አናቱን በአለን ቁልፍ ያዝ። በፒንሳ ዘንጉን የነከሰ ሰው ኒኬሉን ይጭረዋል፣ ከዚያ ሾኩ ዘይት ያፈሳል።

የላይኛው ኩሽኔታ በእጅ ሲዞር ከተንኳኳ ወይም አሸዋ እንዳለው ከሻከረ አሁን ቀይረው፤ እዚህ አቧራው ብዙውን ጊዜ ጨርሶታል። በዘንጉ ላይ ያለውን ማቆሚያ ጎማ የሞላው አምራች ቁረጥ ካላለ አትንካው። አዲሱን ሞላ የተጻፈበት ፊደል ቀጥ ብሎ እንዲነበብ አድርገህ አስገባ፣ የታችኛው ጫፉ መቀመጫው ላይ ካለው እርከን ጋር ይግጠም። ለመሃሉ አዲስ ዳዶ ተጠቀም።

ኋላው ቀላል ነው፣ ሞላና ሾኩ ለየብቻ ናቸው። አክስሉን በክሪክ ደግፍ፣ የሁለቱንም ሾክ የታች ቡሎን አውጣ፣ ቀስ እያልክ አውርድ። የፍሬን ቱቦና የእጅ ፍሬን ገመዱ እየተወጠረ እንዳይሆን ዓይንህን አትንቀል። ሞላው በእጅ ይወጣል። ከላይና ከታች ያሉት ጎማ መቀመጫዎች ከተሰነጠቁ ሲንኳኳ ይኖራል፣ ቀይራቸው።

ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ነገር ይኸውልህ። ቦኮላ (ውስጡ ጎማ ያለው ቀለበት) ያላቸውን ቡሎኖች፣ ማለትም የኋላ ሾኩን የታች ቡሎንና አክስሉ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝባቸውን፣ መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቅ። ቦኮላው ውስጥ ያለው ጎማ ባጠበቅህበት ቦታ ነው የሚይዘው። ተንጠልጥሎ ከታሰረ መኪናው መሬት ሲወርድ ዘወትር ተጠማዞ ይቀመጣል፤ በወራት ውስጥ ይቀደዳል፣ መኪናውም ከታሰበው ከፍ ብሎ ይቆማል። ከዚህ በፊት ያልነካሃቸውን የአክስሉን ሁለት ቡሎኖች እንኳ አላልተህ፣ ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ መልሰህ አጥብቅ። የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

ከዚያ ከተማ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን በዝግታ ንዳው፣ ሞላው ይረጋጋል። አላይመንት ግዴታ ነው፤ ዝቅ ሲል የፊት ጎማው አቅጣጫ ይለወጣል፣ ሳይስተካከል ከተነዳ የጎማው ጠርዝ ቶሎ ያልቃል። መብራቱንም አስተካክል። የደንገጎን ዳገት ከመውጣትህ በፊት መሪውን ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ አዙረህ ጎማው ፓራፋንጎውን ወይም የፍሬን ቱቦውን እንዳይነካ እይ፣ የፈታኸውን ሁሉ ድጋሚ በቁልፍ ሞክር። በመጨረሻ የጻፍከውን ልኬት አውጥተህ አነጻጽር። ግራና ቀኝ ከ1 ሳንቲ በላይ ከተለያየ የሞላው ጫፍ እርከኑ ላይ አልገባ ይሆናል፤ ያንን ጎን መልሰህ ፍታ።