ሰፈራችሁ ከተማ ይሁን ወይስ ይቅር? ከታክሱ በፊት ካርታውን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ክልል፣ አትላንታ ዳር ቤት ገዝተሃል። ሰፈሩን እስካሁን የሚያስተዳድረው ካውንቲው ነው፣ ከክልሉ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር። አሁን "የራሳችን ከተማ እንመሥርት" የሚሉ ሰዎች በር እያንኳኩ ነው። ሚስትህ "ታክስ ይጨምርብናል፣ ይቅርብን" ትላለች፤ አንተ ደግሞ ልብህ ወደ "ይሁን" አድልቷል። እኛ ሰፈር በዚሁ መንገድ ድምፅ ተሰጥቶበት ከተማ ከሆነ ቆይቷል። ስሙን ልተወው፤ የማማው ነገር አለኝ።

ታክሱን ቶሎ እንጨርሰው። ጆርጂያ ውስጥ ፕሮፐርቲ ታክስ (የቤትና የመሬት ግብር) የሚሰላው በቤቱ ሙሉ ግምት ሳይሆን በ40 በመቶው ነው። ቤትህ 400,000 ዶላር ከተገመተ የሚታሰበው በ160,000 ላይ ነው። አንድ ሚል ማለት ከየ1,000 ዶላሩ 1 ዶላር ነው። ስለዚህ ከተማው በሚጥለው በእያንዳንዱ ሚል በዓመት 160 ዶላር ትከፍላለህ። 3 ሚል ቢጥል 480 ይሆናል፣ በወር 40 ዶላር ማለት ነው። ሆምስቴድ (ራስህ ለምትኖርበት ቤት የሚሰጥ የታክስ ቅናሽ) ካስመዘገብክ ሊቀንስልህ ይችላል። ታክሱን የሚከፍልልህ ባንኩ ከሆነ ደግሞ ጭማሪው ከወር ክፍያህ ጋር ተደባልቆ ይመጣል፤ ያኔ "ሞርጌጄን ለምን ጨመሩት" ብለህ እንዳትደነግጥ።

ይህ ግን ግማሹ ሒሳብ ነው። ከተማው አንድን አገልግሎት ከካውንቲው ከተረከበ፣ ካውንቲው ለዚያ የሚያስከፍልህ ነገር ካለ ሊነሳልህ ይገባል። ስለዚህ "ስንት ይጨምራል?" ብቻ አትበል። "ስንት ይቀነሳል?" በልም። ከቢሉ ላይ ብዙውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ትምህርት ቤት ነው። እሱ አይነካም። የጆርጂያ ሕገ መንግሥት አዲስ ከተማ የራሱን የትምህርት ዲስትሪክት እንዲያቋቁም አይፈቅድም። ከካውንቲውም አትወጡም፤ ሸሪፉና እስር ቤቱ ያው የካውንቲው ናቸው።

ትልቁ ልዩነት ያለው ከተማው ምን ምን ይረከባል የሚለው ላይ ነው። በጆርጂያ ሕግ አንድ ከተማ ቢያንስ ሦስት አገልግሎት መስጠት አለበት። ሦስቱ ዞኒንግ (የትኛው ቦታ ለምን ይዋል የሚለውን መወሰን)፣ ኮድ ኢንፎርስመንት (የሰፈር ደንብ ማስከበር) እና መናፈሻ ከሆኑ ወጪው ቀላል ነው። ፖሊስ ሲጨመርበት ሌላ ታሪክ ይሆናል። ደመወዙ፣ መኪናው፣ ጡረታው አያልቅም። እዚሁ አትላንታ ዳር በፈረንጆቹ 2012 የተመሠረተችው የፒችትሪ ኮርነርስ ከተማ ለዓመታት ከነዋሪው የከተማ ፕሮፐርቲ ታክስ ሳትሰበስብ ኖራለች። ተአምር አይደለም። ውስጧ ብዙ ቢሮና ድርጅት አለ፣ ፖሊሱንም ለካውንቲው ትታለታለች። ሌላዋ የአትላንታ ጎረቤት ሳንዲ ስፕሪንግስ ደግሞ በ2005 በ94 በመቶ ድምፅ ከተማ ስትሆን ከፖሊስና ከእሳት አደጋ በቀር ሥራዋን ከሞላ ጎደል ለግል ኩባንያ ነበር የሰጠችው። ይረክሳል ተብሎ ነው። በ2019 ግን አብዛኛውን ሠራተኛ ራሷ ቀጠረች፤ ያኔም ምክንያቱ ይረክሳል የሚል ነበር! ቅስቀሳ ላይ የሚነገርህን ቁጥር ሁሉ እንደ ቃል ኪዳን አትያዘው።

አሁን ማንም በር አንኳኩቶ የማይነግርህን ልንገርህ። የከተማው መኖር መጀመሪያ የተሰማን በታክስ አልነበረም፤ በኮድ ኢንፎርስመንት ነው። ጎረቤቴ ትራክ ነጂ ነው፣ ያገራችን ልጅ። ቅዳሜና እሁድ ተጎታቹን ያርድ ትቶ የትራኩን ጭንቅላት ድራይቭዌዩ ላይ ያቆማል። በካውንቲው ጊዜ ሕጉ ነበረ፤ የሚከታተል ግን አልነበረም። ከተማው ሲመጣ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ተገኘ። ቀን ገደብ አለው፣ ካላነሳህ ቅጣት ይላል። አሁን ለትራኩ ፓርኪንግ በየወሩ ይከራያል። ለእሱ ከተማ መሆን ያስከፈለው ከታክሱ በላይ ይሄ ነው። ሣር ሲረዝም፣ ጓሮ የማይነሳ መኪና ሲቆም፣ ያለ ፈቃድ ቤዝመንት ሲሠራ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። አንተም ትራክ የምትነዳ ወይም ቤትህ ውስጥ ቢዝነስ ያለህ ከሆነ ይሄን ከታክሱ አስቀድመህ አስብበት።

በሌላ በኩል ያው የከተማው ሥልጣን ጠቅሞናል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ነዳጅ ማደያ ሊሆን ነው ተባለ። ድሮ ቢሆን ውሳኔው የሚሰጠው ራቅ ያለ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ የሚወስኑትም ሰፈሩን በካርታ ብቻ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። አሁን ግን ከሥራ መልስ ወደ ከተማችን ምክር ቤት ሄድን። ተራ በተራ ለጥቂት ደቂቃ ተናገርን። አንዲት እናት ልጆቹ የሚሻገሩበትን መንገድ በስልኳ ፎቶ አንስታ አሳየቻቸው። ማደያው ቀረ። በነገራችን ላይ፣ ቅርብ መሆን ንጹሕ መሆን ማለት አይደለም። እዚሁ አትላንታ ዳር ያለችው አዲስ ከተማ የስቶንክሬስት የመጀመሪያው ከንቲባ ለኮቪድ እርዳታ የመጣ ገንዘብ በማጭበርበር በ2022 እስር ተፈርዶበታል። አዲስ ከተማን ሕዝቡ ካልተከታተለው ጥቂት ሰዎች ይጫወቱበታል።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የማየው ካርታውን ነው። የገበያ ማዕከሉ፣ ቢሮዎቹ፣ መጋዘኖቹ ከድንበሩ ውስጥ ናቸው ወይስ ውጭ? ከውስጥ ከሆኑ የንግድ ፈቃዱና የድርጅቶቹ ታክስ ከአንተ ላይ ሸክም ያነሳል። ድንበሩ ቤት ብቻ ካቀፈ ግን ከፋዩ አንተ ብቻ ነህ፤ ያለ ብዙ ማሰብ "አይሆንም" በል። ቀጥሎ ቻርተሩን፣ ማለትም የከተማውን መመሥረቻ ሕግ፣ አንብብ። አንዳንድ ከተሞች ካለ ሕዝብ ድምፅ የማይታለፍ የሚሌጅ ጣሪያ ጽፈውበታል፤ ከተማው ቢበዛ ስንት ሚል መጣል እንደሚችል ማለት ነው። የእናንተው ከሌለው ዛሬ በር የሚያንኳኩትን ሰዎች "ለምን ተዋችሁት?" በላቸው። የአዋጭነት ጥናቱንም ጠይቅ። እሱ የሚነግርህ ከተማው ወጪውን መሸፈን ይችል እንደሆነ ነው፤ ይጠቅምሃል ወይ ለሚለው መልስ አይሰጥም። የማዘጋጃ ቤት ኪራይና የመጀመሪያው ዓመት ብድር ተካቶበት እንደሆነ እይ።

"ከሆነ በኋላ ካልጣመን እንወጣለን" የሚልህን አትስማ። በ2022 ኮብ ካውንቲ ውስጥ ኢስት ኮብ፣ ሎስት ማውንቴንና ቫይኒንግስ የሚባሉ አካባቢዎች በሜይ ወር ከተማ መሆኑን አይሆንም አሉና ጉዳዩ ተዘጋ። ሜብልተን በኖቬምበር ይሁን አለች። ወዲያው "እኛ ተቃውመን ነበር፣ አውጡን" የሚሉ አካባቢዎች ተነሱ። መግባት በአንድ ቀን ድምፅ ነው፤ መውጣት ግን የክልሉን ሕግ አውጪዎች ደጅ መጥናት ነው።

ለሚስትህ የምትነግራት ይሄን ነው፦ ካርታው ንግድ ካለበት፣ ጣሪያው ከተጻፈ፣ ፖሊሱ ለጊዜው ከካውንቲው ጋር ከቆየ፣ እኔ በወር 20 ወይም 30 ዶላር ጨምሬ "ይሁን" እል ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ ከጎደሉ እሷ ልክ ናት። ሲቲዝን ከሆናችሁ ደግሞ ሁለታችሁም መመዝገባችሁን ዛሬውኑ አረጋግጡ። ምዝገባ የሚዘጋው ከምርጫው አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ነው። ካርታውን እዚህ ብትለጥፈው አብረን እናየዋለን።