ቀረጡ ቢነሳም ቦሎቄው እርጥብ ከሆነ

ጥያቄ፦ በሃላባ ዞን አንድ ሄክታር ነጭ ቦሎቄ እዘራለሁ። ከአፍሪካ አገሮች ጋር ነፃ ንግድ መጥቷል፣ ኬንያዎች ቀይ ቦሎቄ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁ። ነጩን ትቼ ሁሉንም ቀይ ልዝራ? ያስቀመጥኩትንም ነቀዝ እየጨረሰብኝ ነው።

መልስ፦ ሁሉንም አይቀይሩት፣ ጌታዬ። ግማሹን ቀይ ቢያደርጉት ግን እኔም እደግፋለሁ። ነጩ በአብዛኛው ውጭ አገር የሚላክ ነው፤ ገዥው ሲቀዘቅዝ ዋጋውም ይወድቃል። ቀዩን ኬንያዎች ከበቆሎ ጋር ቀቅለው ይበሉታል፣ እናንተም ጋ ንፍሮ ነው። ላኪ ቢጠፋ ቤትዎና የመንደሩ ገበያ ይበላዋል።

የሰሙት የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ ንግድ ስምምነት በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሩዋንዳ ኪጋሊ ላይ ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በዓመቱ አጸደቀችው። ቀረጡ የሚነሳው ደረጃ በደረጃ እንጂ በአንድ ጀምበር አይደለም። ሲነሳም መጀመሪያ የሚቀልለት ለላኪው ነው። ማሳዎ ድረስ የሚመጣው ደላላ ይህን አይነግርዎትም! ከዚያ ትርፍ እንዲደርስዎ ከፈለጉ በኅብረት ሥራ ማኅበርዎ በኩል ማኅበራቱ ለተሰባሰቡበት ዩኒየን ይሽጡ፤ ዩኒየን ራሱ መላክ ይችላል። ከመዝራትዎ በፊት ግን የትኛውን ዝርያ እንደሚረከብ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልንገርዎ። በየካቲት 2013 ኬንያ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የሚገባውን በቆሎ አገደች። ሦስቱ አገሮች በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው ቀረጥ አልነበረም። በቆሎውን ያስቆመው አፍላቶክሲን ነው፤ በደንብ ባልደረቀ እህል ላይ የሚያድግ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ። እገዳው በቀናት ውስጥ ቢላላም፣ መርዙ ከቢሊዮን 10 እጅ እንደማይበልጥ የሚያረጋግጥ ወረቀት ተጠየቀ። ቦሎቄ እንደ በቆሎ በዚህ መርዝ ባይታማም፣ ድንበር ላይ እርጥብና የሻገተ እህል ማንም አይቀበልዎትም።

ስለዚህ ማድረቁ ላይ ይጠንክሩ። ቆባው ሲቢጫ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ይንቀሉት፣ ረፋድ ላይ ይፈነዳል። በሬ አያስረግጡት፤ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ እበትም ይገባበታል። ሸራ ላይ አድርገው በዱላ ይውቁት። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ ቦሎቄና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው፣ ከድነው በደንብ ይወዝውዙትና ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥብ ነው፣ ወደ ፀሐይ ይመለስ።

ነቀዙ ከማሳ ጀምሮ አብሮ ሊመጣ ይችላል። የደረቀውን ሦስት ድርብ ባለው አየር በማያስገባ ከረጢት ይጨምሩት፤ የውስጦቹን ፕላስቲኮች አየሩን እያስወጡ አንድ በአንድ ይቋጥሩ። አየር ያጣ ነቀዝ ይሞታል። በየሳምንቱ ከፍቶ ማየት ግን ድካምዎን ከንቱ ያደርገዋል።

ለቀዩ ዘር ናስር ወይም ሐዋሳ ዱሜ የሚባሉትን ዝርያዎች ከማኅበሩ ይጠይቁ፤ ከገበያ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ድብልቅ ነው። በመስመሮች መካከል 40፣ በተክሎች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። በነጩና በቀዩ መካከልም ሁለት መስመር በቆሎ ጣል ያድርጉ፣ ለነቃዮቹ ወሰን ይሆናል። አውድማውንም ይለዩ፤ ቀይ ውስጥ ነጭ ጣል ጣል ያለበትን ኩንታል ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ሲለቅሙት አይቻለሁ።